ቀላሏ ጥይት

ይታያል የሚባለው ታናሽ ወንድሜ በጥይት የተመታው በጥቅምት ወር፣ ማሽላው እሸት ይዞ ዝንጀሮ ከገደሉ መውጣት በጀመረበት ሰሞን ነው። ያኔ ቢቸና ከተማ ውስጥ ሒሳብ አስተምር ነበር፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ባለቤቴ ስንሻው ብየዳ ቤት አለው፤ በርና መስኮት ይሠራል። ያኔ ከተጋባን ብዙ አልቆየንም ነበር፣ ልጅም ገና አልወለድንም ነበር። የሰፈሩ ሰው "ተኳሾቹ" እያለ ይቀልድብን ነበር። ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ ትንሽ ላስረዳ።

ስንሻው ከአጎቱ የወረሳት ፈቃድ ያላት ጠመንጃ ነበረችው። አጎቱ ቆላ ወርደው ከውጭ አገር አዳኞች ጋር ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጠመንጃዋም በአገራችን እንደምናያቸው አልነበረችም። ጥይቷ ቀጭን ናት፤ በላይዋ ላይ የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ተገጥሞላታል። "ይቺ ለትልቅ አውሬ አይደለችም፤ ለቀበሮና ለዝንጀሮ የተሠራች ናት" ይል ነበር። በገደሉ አፋፍ የሚያርሱ ገበሬዎች፣ ወንድሞቼም ጭምር፣ ዝንጀሮ ሲያስቸግራቸው ይጠሩታል።

ሁለት ዓይነት ጥይት ነበረው። አንደኛዋ ከበድ ያለች፣ ረዘም ያለች፣ እስከ ጫፏ መዳብ የለበሰች ናት። ሁለተኛዋ ቀላል ናት፤ አጠር ብላ ጫፏ ላይ እርሳሱ ይታያል። ለሩቅ የትኛዋ ትሻላለች የሚለው የቤታችን የራት ወሬ ነበር።

"ቀላሏ ፈጣን ናት" ይለኛል። "እስከ ወንዙ ድረስ ቀጥ ብላ ነው የምትሄድ። ከዚያ ወዲያ ግን ነፋስ ወዳሻው ይወስዳታል። ከባዷ ቶሎ ዝቅ ትላለች፤ ነፋሱ ግን እንደዚያችኛዋ አይጫወትባትም።"

እኔ ቁጥር ስለምወድ ወሬው አይሰለቸኝም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብሬው ወጥቼ፣ ማዶ ያለውን ድንጋይ በእጅ መነጽር እያየሁ ጥይቷ አቧራ ያስነሣችበትን ቦታ እነግረዋለሁ። "ግራ ሄደች፤ አንድ ክንድ ዝቅ አለች" ስለው ፈገግ ብሎ እንደገና ያነጣጥራል። እውነቱን ለመናገር እነዚያ እሑዶች ደስ ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ሁለቱንም ወደ እርጥብ የሸክላ አፈር ተኩሶ ቆፍረን አወጣናቸው። ከባዷ ትንሽ ጎበጥ ብላ ሙሉዋን ተገኘች። ቀላሏ ግን እንደዚያ አልሆነችም፤ ከጭቃው ውስጥ ያገኘነው የደቀቀ እርሳስና እንደ አበባ ቅጠል የተጠቀለለ ስስ መዳብ ብቻ ነው። መዳፌ ላይ አድርጎ አሳየኝ።

"ጥሩነቷ ይኼ ነው" አለ። "የገባችበት ትቀራለች። አልፋ ሌላ አትነካም።"

ይታያል የተመታ ዕለት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ በእጁ ጠራኝ። "ወንድምሽን ጥይት መትቶታል፤ በሕይወት አለ፤ ቢቸና አይተውት ወደ ሞጣ እየላኩት ነው" አለኝ። ጠመኔውን ያስቀመጥኩበትን እንኳ አላስታውስም። ለስንሻው ደወልኩ፤ አያነሣም። ጠዋት "ብረት ልገዛ ሉማሜ እሄዳለሁ" ብሎኝ ስለነበር መንገድ ላይ ይሆናል ብዬ ብቻዬን ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሞጣ ስደርስ ይታያል ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቷል። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ኮሪደሩ ላይ ከሁለት የአጎቶቻችን ልጆች ጋር ቆሟል። ጋቢው ላይ ደም አለ። ስለ ይታያል ስጠይቀው የመለሰልኝ ስለ ሌላ ሰው ነው።

"ወርቁ ነው" አለ።

አያ ወርቁ የመሬት ጎረቤታችን ናቸው። ከወንድሞቼ ጋር በድንበር ሲጣሉ ቆይተዋል። ባለፈው ሳምንት እንኳ ሽማግሌ ፊት ከጌታሁን ጋር ክፉ ቃል ተለዋውጠዋል።

"አይተሃቸዋል?" አልኩት።

"ምን ማየት ያስፈልገኛል? ክላሹን ይዞ ማሳው ላይ ነበር። ይታያል ማሽላው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ወፍ የሰበረውን ሲያቃና ነው ጭኑን ያለው። ሌላ ማን አለ በዚያ?"

እኔም አመንኩት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አያ ወርቁን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፣ ያን ሰዓት ግን ወንጀለኛ መሆናቸውን ለማመን ምንም አልቸገረኝም።

ወደ ማምሻው ላይ ቀዶ ሐኪሙ ወጣ። ከደቡብ የመጣ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ወጣት ነው። "ደሙ ቆሟል፤ ይተርፋል። አጥንቱ ግን ስለተጎዳ ከእንግዲህ እንደ ቀድሞው ላይራመድ ይችላል" አለን።

ጌታሁን "ጥይቱስ ወጣ?" ብሎ ጠየቀው። "የክላሽ ነው አይደል?"

"እኔ የማውቀው ቁስሉን ነው፤ ጥይቱን ፖሊስ ይመረምረዋል" አለ ሐኪሙ። "ሙሉ ጥይት አላገኘንም። ውስጥ ገብቶ ተበታትኗል።"

ፖሊሱ ሊረከብ ሲመጣ ነርሷ በብረት ሳህን ይዛው ወጣች። የደቀቀ እርሳስ ነው። መሐሉ ላይ ስስ መዳብ፣ ጠርዙ ተቀዶ ወደ ውጭ ተጠቅልሏል።

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሰው ሁሉ ስለ ወንድሟ ደነገጠች ብሎ አሰበ። ስልኬን አውጥቼ ሳህኑን ፎቶ ሳነሣው ፖሊሱ አየኝ፤ ምንም አላለኝም።

በዚያ ሌሊት ታማሚው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጬ ባሌን ከጥርጣሬ ለማውጣት ያልፈጠርኩት ምክንያት የለም። ምናልባት ሌላም ሰው እንዲህ ያለ ጥይት አለው። ምናልባት ከቤት ሰርቀውታል። ምናልባት የክላሽም ጥይት አጥንት ሲመታ እንዲህ ይሆናል። ሉማሜ ነው ያለው፤ ሉማሜና የእኛ ገደል አይገናኙም። ሲነጋ ግን ለጎረቤቴ ለዘይነባ ደወልኩ። ዘይነባ ከቤታችን ፊት ለፊት ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች፤ በራችንን ከእኛ በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

"ትናንት ስንሻውን አይተሽው ነበር?" አልኳት።

"ጠዋት በሞተሩ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ያቺን ነገሩን በጋቢ ጠቅልሎ ይዟል።"

"የትኛዋን ነገር?"

"ጠመንጃውን ነዋ። ከቀትር በኋላ ተመለሰ። ከዚያ ስለ ወንድምሽ ሲነግሩት ደጁ ላይ ቁጭ አለ፤ ብዙ ቆየ። ምነው እናኑ፣ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም" ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ዘይነባንም ጠረጠርኳት። ይህን ለማን ለማን ነግራ ይሆን? ፖሊሱ ፎቶ ሳነሣ ያየኝ ለምን ዝም አለኝ? አንዱን መጠርጠር ስጀምር ሁሉም ሰው የሆነ ነገር የሚያውቅ ይመስለኝ ጀመር።

ስንሻው ያን ዕለት ጠዋት ሞጣ ደረሰ። ፊቱን ተላጭቷል፤ ሸሚዙ ንጹሕ ነው። ትናንት ለምን ስልክ እንዳላነሣ ስጠይቀው "ባትሪው ሞቶ ነው" አለኝ። "ብረቱስ?" አልኩት። "አልገዛሁም" አለ።

ወደ ይታያል አልጋ ገብቶ የወንድሜን እግር በብርድ ልብሱ ላይ በእጁ ያዘ። ይታያል መድኃኒቱ አደንዝዞታል፤ ዓይኑን ገልጦ "መጣህ?" አለው። ስንሻው ራሱን ነቀነቀ። እኔ እጁን ነበር የማየው። ይንቀጠቀጣል ወይስ አይንቀጠቀጥም? ፈጽሞ አይንቀጠቀጥም። ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ፤ ጠመንጃ ሲይዝም እጁ እንዲያ ነው።

ጌታሁን ከውጭ ገባና "እኛ ልንሄድ ነው" አለ። "ወርቁን ቤቱ ሳለ እናገኘዋለን።"

"ለፖሊስ ተዉት" አለ ስንሻው።

"ፖሊስ ምን ያደርግልኛል?"

"እሳቸው ለመሆናቸው ማረጋገጫ የለህም፣ ጌታሁን።"

ጌታሁን ከላይ እስከ ታች አየው። "አንተ ባዳ ነህ፤ አይነድህም" ብሎት ወጣ። የአጎቶቻችን ልጆች ተከተሉት።

ስንሻው ሊከተላቸው አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። ክንዱን ይዤ ከሕንጻው ጀርባ፣ የታማሚ ቤተሰብ ልብስ የሚያጥብበት ቧንቧ ዘንድ ወሰድኩት። አንዲት ሴት አንሶላ እየጨመቀች ነበር፤ እስክትሄድ ጠበቅሁ። ከዚያ ስልኬን ከፍቼ ፎቶውን አሳየሁት።

ፊቱን እያየሁ ነበር። ዛሬም ድረስ ያን ፊት በልቤ እየመለስኩ አየዋለሁ። መጀመሪያ ምንም አልታየበትም። ከዚያ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ወደ ስልኩ ቀረበ፤ የብየዳ ሥራ ሲመረምር እንደሚያደርገው።

"ከየት አመጣሽው?" አለ።

"ከይታያል ጭን።"

ቧንቧው ሥር ያለው እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሱሪው እየራሰ እንደሆነ የተሰማው አይመስልም።

"የት ነበርክ ትናንት?" አልኩት።

"ከገደሉ ወዲህ፣ ከተራራው ወገብ ላይ።"

"ሉማሜ ነው ያልከኝ።"

"ልሄድ ነበር። ከቤት ልወጣ ስል የእነጌታሁን ማሳ ዘንድ ዝንጀሮ ወጥቷል ሲሉ ሰማሁ። ሁለቱንም ጥይት በእውነተኛ ነገር ልያቸው አልኩ፤ ድንጋይ መምታት ሰልችቶኝ ነበር። መጀመሪያ ከባዷን ተኮስኩ፤ ከሥሩ ወደቀች። ዝንጀሮው ሸሽቶ ከማሳው በታች ያለው ካብ ላይ ወጣ። ቀላሏን አጎረስኩ። ነፋሱ ከገደሉ ወደ ላይ ይነፍስ ነበር። እሱን እያወቅሁ ነው የተኮስኩት። ነፋሱን አውቄዋለሁ፤ የት እንደሚወስዳት ግን አልገመትኩም። ዝንጀሮው ሮጠ። በላይ አለፈች ብዬ ተመለስኩ።"

"ማሽላው ውስጥስ?"

"ማሽላ የሚጠበቅበት ማማ ላይ ሰው አልነበረም፣ እናኑ። መነጽሩ የሚያሳየኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዝንጀሮውን ነው ያየሁት።"

"ትናንት ይታያል ተመታ ሲሉህ አላወቅህም?"

"አላወቅሁም" አለ። ቀና ብሎ ሳያየኝ ነው ያለው።

ያኔ ለመጨቃጨቅ ጊዜ አልነበረም። ጌታሁን ጋ ደወልኩ፤ ዘጋብኝ። እንደገና ደወልኩ፤ ስልኩን አጥፍቶታል። ለዘይነባ ደወልኩና "ለቢቸና ፖሊስ ንገሪልኝ፤ ወንድሞቼ አያ ወርቁ ቤት እየሄዱ ነው፤ አያ ወርቁ ምንም አላደረጉም በይ" አልኳት። "አንቺ በምን አወቅሽ?" አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

መናኸሪያው ላይ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሚኒባስ አግኝተን ተሳፈርን። ከፊታችን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለ እኛው ነገር ያወራሉ።

"በድንበር ነው አሉ" ይላል አንደኛው።

"ወርቁ የሚባለው ነው። ድሮም ሰውዬው ጥጋበኛ ነበር።"

"አድፍጦ ነው አሉ የመታው።"

ስንሻው መስኮቱን ያያል። እኔ እሱን አያለሁ። ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ሰው ሊያወርድ ሲቆም "ውኃ ልግዛ" ብሎ ወረደ፤ ከሱቆቹ መካከል ገብቶም ከዓይኔ ተሰወረ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። እሱ የለም። አይመለስም ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም፣ ልንገራችሁ፣ ከልቤ አንዱ ጥግ ባይመለስ ይሻላል ብዬ ነበር። ከሄደ ጌታሁን አይገድለውም። እኔም ምንም አላውቅም ማለት እችላለሁ። ግን አያ ወርቁስ? ሾፌሩ ሊንቀሳቀስ ሲል ስንሻው ባዶ እጁን መጣና ተሳፈረ።

"ውኃውስ?" አልኩት።

"ረሳሁት" አለ።

ከዋናው መንገድ ላይ ወርደን ወደ አያ ወርቁ ቤት ስንቀርብ ጩኸት አልነበረም፤ ያ ነው ያስደነገጠኝ። ጌታሁንና የአጎቶቻችን ልጆች ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆመዋል፤ ጌታሁን ጠመንጃውን ይዟል። አያ ወርቁ የድንጋይ አጥራቸውን ተከልለው ክላሻቸውን አጥሩ ላይ አጋድመዋል። በመካከል ሁለት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን መሬት ላይ አንጥፈው "በእግዚአብሔር፣ በእግዚአብሔር" ይላሉ። ፖሊስ ገና አልደረሰም።

ስንሻው ምንም ሳይነግረኝ ጎንበስ አለ። ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አደረገና አንገቱን ደፍቶ ወደ መካከል ገባ። የአገራችን ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ደም ያለበት ሰው ነው ድንጋይ የሚሸከም።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አለ ጌታሁን።

"ይታያልን የመታሁት እኔ ነኝ" አለ ስንሻው። "ዝንጀሮ ስተኩስ ነው። አያ ወርቁ የሉበትም።"

ጌታሁን የሰማው አልመሰለኝም። ከዚያ አፈሙዙ ቀስ ብሎ ከአያ ወርቁ አጥር ወደ ስንሻው ዞረ። "አልጋው ድረስ መጥተህ እግሩን ያዝክ" አለ። "እግሩን ያዝክ እኮ።"

መሐላቸው ልገባ ሮጥኩ። ከእኔ በፊት የደረሱት ግን አያ ወርቁ ናቸው። ክላሻቸውን አጥሩ ላይ ትተው፣ በሩን ከፍተው ወጥተው ከስንሻው ፊት ቆሙ። ጌታሁን "አንቱ ዞር በሉ፤ የአንቱ ነገር አልቋል" አላቸው።

"አላለቀም" አሉ አያ ወርቁ። "ከመጣህ ጀምሮ አፈሙዜን አንተ ላይ አድርጌ ነው የቆምኩ፣ ጌታሁን። አንድ እርምጃ ብትጨምር ኖሮ ትሞት ነበር። እኔም በማላውቀው ነገር ነፍሰ ገዳይ ሆኜ እቀር ነበር። ይህ ሰው ሁለታችንንም ነው ያዳነን። እሱን ከመታህ እኔን መጀመሪያ ምታኝ።"

ጌታሁን ጠመንጃውን አልጣለም፤ ቀስ ብሎ ባሕር ዛፉን ተደግፎ ተቀመጠና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን ከስንሻው ማጅራት አወረዱለት። ፖሊሶች ሲመጡ እሱ ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ።

ጠመንጃዋ ተወሰደች። ስንሻው በቸልተኝነት አካል በማጉደል ተከሶ ታሰረ። በሽምግልናውም ለይታያል የሚገባውን ካሰ፤ እርቁ ወረደ። አያ ወርቁ የድንበሩን ነገር ሽማግሌ እንዲፈርድበት ተስማሙ። ጌታሁን ከስንሻው ጋር አንድ ገበታ ላይ ለመቅረብ ከሁሉም በላይ ጊዜ ፈጀበት።

ስለ ራሴ ልንገራችሁ። እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች ምናልባት የትዳር ጓደኛችሁን ጠርጥራችሁ ታውቁ ይሆናል፤ በሌላ ነገር። ጥርጣሬዬ እውነት ሆኖ ሲገኝ ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ አላበቃም። ስንሻው መተኮሱን አውቃለሁ፣ ሳያስበው መሆኑን አውቃለሁ፣ በፈቃዱ ወደ አፈሙዝ ፊት መሄዱንም በዓይኔ አይቻለሁ። የማላውቀው አንድ ነገር ነው፤ ፎቶውን ከማሳየቴ በፊት ያውቅ ነበር? ደጁ ላይ ያን ያህል የተቀመጠው ለምንድን ነው? እኔ የጥይቷን ስብርባሪ ባላይ ኖሮ አያ ወርቁ እስኪሞቱ ዝም ይል ነበር? ወይስ ለጌታሁን "ለፖሊስ ተዉት" ያለው ያኔውኑ ሊናገር እየዳዳው ነው? በእስር ቤቱ አጥር በኩል ሳየው ይህን እንደገና ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ስንት ጊዜ ስለ ምግብ ጠይቄው ተመልሻለሁ። ከተፈታም ወዲህ አብረን ነው የምንኖር። ሴት ልጅ ወልደናል። ስለ ጥይት ዳግመኛ አላወራንም።

እንድታደርጉ የምመክራችሁ ነገር የለኝም። እኔ የተማርኩት ይህን ብቻ ነው፤ አያ ወርቁን ያለምንም ማስረጃ ወንጀለኛ ለማለት አንድ ቅጽበት በቅቶኛል፤ ባሌን ግን ማስረጃውን በዓይኔ አይቼ እንኳ ነፃ ለማውጣት ሌሊቱን ሙሉ ስደክም አድሬያለሁ። አሁን ሰው በሰው ላይ ሲፈርድ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ሰውየው ለፈራጁ ምኑ እንደሆነ ነው።

ባለፈው አጨዳ ስንሻውና እኔ ወንድሞቼን ልናግዝ ወርደን ነበር። ይታያል በምርኩዝ ስለሚሄድ ማጨድ አይችልም፤ ከክምሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ልጄን ያጫውታል። ውኃ ይዤለት ሄድኩ።

"እታለም" አለኝ፣ ስንሻው ነዶ ሲሸከም እያየ። "ሆስፒታል እግሬን የያዘኝ ዕለት ያውቅ ነበር?"

"አላውቅም" አልኩት።

"ጠይቀሽው አታውቂም?"

"አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። አላወቅሁም አለኝ።"

"አመንሽው?"

"አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ።"

ይታያል ውኃውን ጠጥቶ ጣሳውን መለሰልኝ። "እኔም እንደዚያው ነኝ" አለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ስንሻው፣ ና እስቲ አንሣኝ" ብሎ ተጣራ። ስንሻው ነዶውን አስቀምጦ መጣና ትከሻውን ዝቅ አደረገለት። ይታያል እጁን ጣል አድርጎበት ተነሣ፤ ሁለቱም ቀስ እያሉ ወደ አጫጆቹ ሄዱ።